ጋቢውን ያወረደ ሰው

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ አዲስ አበባ ለምትኖረው ለወንድሜ ልጅ ለምሥራቅ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደኅና ነን። ጥሩነሽ ደኅና ናት፣ በሬው ደኅና ነው፣ እኔም ከበሬው ቀጥዬ ደኅና ነኝ። የስልኩ መስመር እንደ ጠፋ ነው፤ ስለዚህ ይህን የሚያደርስልሽ የሚኒባሱ ሹፌር ነው። ምሳ ጋብዥው። ካልጋበዝሽው የአንቺን መልስ ደጀን ላይ ለነፋስ ይሰጠዋል፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ።

የጠየቅሽኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰው ከተማ ከገባ በኋላ አጎቱን ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ይጠይቃል። አንቺ ግን «በክረምት ሰዉ ምን ይለብሳል? ስንት ይደርባል? ልብሱ ከገላው ምን ያህል ይርቃል?» ብለሽ ላክሽብኝ። ለጥሩነሽ ባነብላት «ልጅቷ ልብስ ሰፊ ልታገባ ነው» ብላ እልል ልትል ነበር። እኔ ደግሞ ሥራ ለውጠሽ ገናዥ የሆንሽ መስሎኝ ደነገጥኩ።

እንግዲህ መልሱ ይኸውልሽ። ከሥር ሸሚዝ አለ፤ ኮሌታው ያለቀ፣ ስስ፣ ብዙውን ጊዜም የሟች ወንድም የነበረ። በላዩ ሹራብ፣ ላለው ሰው። በሹራቡ ላይ ኮት፣ ከባለቤቱ በዕድሜ የሚበልጥ። ከዚያ ጋቢ። ጋቢ አራት እጥፍ ጥጥ መሆኑን ከተማ አስረስቶሽ እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሰውየው ሲበርደው ደረቱ ላይ ስለሚያጣፋው ስምንት ይሆናል። በሰኔ ጠዋት እንዲህ ከተጠቀለለ ሰው የሚታይሽ ዓይንና አፍንጫ ብቻ ነው። ከገላው ምን ያህል ይርቃል ላልሽው፣ ክንዱን ከውስጥ አጥፎ ስለሚቆም በመካከሉ አንዲት ዶሮ ታስገቢበታለሽ። ሞክሬዋለሁ። ዶሮዋ አልወደደችውም።

ወንድምሽ ፈንታ ከማዳበሪያው መጋዘን በር ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሯል። ሰማያዊ ልብስ አልብሰውታል፤ ኮፍያው ጆሮውን ይዞ ባይቆም ኖሮ አንገቱ ላይ ይወርድ ነበር። በወገቡም ሽጉጥ የሚመስል ቢጫ ነገር አንጠልጥለውለታል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «ምሥራቅ የምትሠራበት ድርጅት ያስመጣው ነው፤ ሰው ሳይገድል በኮረንቲ ይጥላል» አለኝ። በእኛ አገር ሰው ሳይገድል የሚጥል ነገር አረቄ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ይህን ሁሉ የምትጠይቂኝ ለምንድን ነው?

አጎትሽ ገዳሙ

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ አጎቴ ለአያ ገዳሙ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? እትዬ ጥሩነሽስ? ሹፌሩን ጋብዤዋለሁ፤ ሁለት ሰው የሚበላውን በልቶ ሄደ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ለምን እንደጠየቅኩዎ ልንገርዎ። ያ ቢጫ ሽጉጥ በቀጭን ሽቦ የታሰሩ ሁለት መርፌዎች ይወረውራል። ሰው የሚወድቀው ሁለቱም ገላው ላይ ሲደርሱ ነው። አንዱ ገላ ነክቶ ሌላው ልብስ ላይ ከቀረ ኮረንቲው አይዞርም፤ ሰውየውም ቆሞ ይቀራል። መሣሪያው ከተሠራበት አገር የመጣውን መጽሐፍ አንብቤ ጨርሻለሁ። የፈተኑት ቲሸርትና ስስ ሸሚዝ በለበሱ ሰዎች ላይ ነው። ስለ ወፍራም ካፖርት አንድ መስመር አለች፤ ጋቢን የሚያውቅ ግን የለም።

እኔ ደግሞ ለጥበቃዎቹ የአማርኛ መመሪያ እንድጽፍ ታዝዣለሁ። ጥበቃው ተኩሶ ሰውየው ሳይወድቅ ሲቀር ይደነግጣል። ሲደነግጥ ዱላ ያነሳል፤ ጓደኛው ክላሽ ያነሳል። ሰው የሚሞተው ያኔ ነው። ይህ እንዳይሆን ከእርስዎ ደብዳቤ ተነሥቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጋቢ ወይም ሌላ የተደራረበ ልብስ በለበሰ ሰው ላይ አይተኮስም፤ አይሠራም። ልብሱ ስስ የሆነው ይመረጣል።» አለቃዬ ወደደው። «ይህን በአገራችን የጻፈ የለም» አለኝ። ምንጬ ዶሮ መሆኗን አልነገርኩትም።

አያ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ያ ነገር መጫወቻ አይደለም። ማንም ላይ እንዳይሞከር። ይህን ለሌላ ሰው አልጽፍም ነበር፤ እርስዎን ስለማውቅዎ ነው።

ፈንታን ሳሙልኝ። አባታችን ካረፈ ጀምሮ ቤታችንን የያዘው እሱ ነው፤ ሥራውን እንዳያጣ እፈራለሁ።

ልጅዎ ምሥራቅ

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሥራቅ፣ ለኮረንቲዋ እመቤት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምን ይቅርታ እንደሆነ ወረድ ብሎ ይገኛል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ተረጋግተሽ አንብቢ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ «ማንም ላይ እንዳይሞከር» የሚለውን አነበብኩ። ልጄ፣ እኔ ፊደል የለየሁት በጎልማሳነቴ፣ ከእናንተ ደብተር ላይ ሰርቄ ነው። አታንብብ ያሉኝን ሁሉ ያነበብኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ካለው ሰው ፊት ክልክል የሚል ቃል ማስቀመጥ ምን ይባላል?

ፈንታ በጊዮርጊስ ዋዜማ ሊጠይቀን መጣ። አጥሩ ሥር ጋቢዬን አጣፍቼ ቆምኩና «ተኩስ» አልኩት።

«አያ፣ ምሥራቅ ትገድለኛለች።»

«ምሥራቅ አዲስ አበባ ናት። እኔ ግን እዚሁ ነኝ።»

«ጥይቱ ተቆጥሮ ነው የተሰጠኝ።»

«ባረቀብኝ በላቸው። ወይስ ያጎትህን ጋቢ ፈራኸው?»

ተኮሰ። ጧ አለና ሁለቱ መርፌዎች መጥተው እንደ ጭጎጎት ጋቢዬ ላይ ተንጠለጠሉ። ምንም የለም! የጻፍሽው እውነት ነው። በዚህ ብቻ ብተወው ጥሩ ነበር። እኔ ግን ጥሩነሽ ብቅ ስትል አይቼ ዓይኔን ገልብጬ ወደቅኩ። ኡኡታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ፤ አንዱ ቄስ ሊጠራ ሮጠ። ዓይኔን ገልጬ «እራት ደርሷል?» አልኳት። በያዘችው ማማሰያ ጀርባዬን አለችኝ። ለመመሪያሽ የሚሆን ነገር ልንገርሽ፤ ማማሰያ በጋቢ ውስጥ ያልፋል።

ፈንታም ሳቀ። አባታችሁ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም።

በማግሥቱ የጊዮርጊስ ማኅበር ነበር። ታሪኩን ብዙ ሳልጨምር ተረክሁት። ጠላው በአፍንጫው የወጣ ሰው ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ድረስ የሚባለው ነው፤ ማዳበሪያ ከገበሬ ቀድሞ ገዝቶ ለገበሬ የሚሸጠው ደላላ። «አንድ ጋቢ ይበቃል ወይስ ሁለት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለአንተስ ቆዳህ ይበቃል» አልኩት።

ይቅርታው እንግዲህ ይህ ነው። አኩርፈሽ እንደሆነ ቶሎ ጻፊና አኩርፌያለሁ በይኝ።

አጎትሽ ገዳሙ፣ በኮረንቲ ያልሞተው

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ ገዳሙ፤

ጤና ይስጥልኝ። አኩርፌያለሁ።

መጀመሪያ ሳነበው ስቄያለሁ፤ አልዋሽዎትም። ማኅበሩ ጋ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። አያ፣ በር ላይ የቆመን ጥበቃ የሚጠብቀው ሽጉጡ ሳይሆን ሰዉ ሽጉጡን መፍራቱ ነው። አሁን በአካባቢው ጋቢ ያለው ሁሉ ፈንታን አይፈራም። ጋቢ የሌለው ደግሞ የለም። ወንድሜ የዝናብ ወቅት ሲገባና ማዳበሪያ ሲመጣ ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ይዞ ይቆማል?

መመሪያው ታትሟል። ለሁሉም ጥበቃዎች ታድሏል፤ ያቺ ስለ ጋቢ የጻፍኳት በደማቅ ቀለም ገብታለች። ፈንታ ደርሶት እንደሆነ ይጻፍልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ላክሁበት። የማይመልሰው የተቆጣሁት መስሎት ፈርቶ ይሆን?

ድረስ የሚባለውን ሰው አባቴ በክፉ ሲያነሣው አስታውሳለሁ። እባክዎ ከእንግዲህ ስለ መሣሪያው ከማንም ጋር አይጫወቱ።

እትዬ ጥሩነሽን ስለ ማማሰያው አመስግኑልኝ።

ምሥራቅ

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደድሽው ለወንድሜ ልጅ ለምሥራቅ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዝናቡ ጥሩ ጀምሯል። በቆሎው በቅሏል። ጥቁሯ ላም ወልዳለች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር በአዲስ እየታጠረ ነው። ጥሩነሽ ትንሽ ጉልበቷን አሟት ነበር፤ ተሽሏታል። ድንች ረክሷል።

ፈንታ ለምን አይጽፍም ላልሽው፣ ደኅና ነው። ለጊዜው ሥራ ላይ አይደለም። አረፍ ብሏል። እጁ ለመጻፍ አልመች ብሎት ነው እንጂ አንቺን ማሰቡን አልተወም። ክረምቱ እስኪወጣ አትምጪ፤ መንገዱ አስቸጋሪ ነው ይላሉ።

አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ፤ ለማወቅ ያህል ነው። ያን መመሪያ ብቻሽን ነው የጻፍሽው? ከሥሩ የሚፈርመው ማነው? ደግሞም በኮረንቲ የወደቀ ሰው፣ ያውም እንደ እኔ በዕድሜ የገፋ፣ እጁን ሳይዘረጋ ቢወድቅና ራሱን ድንጋይ ቢመታው፣ አንደበቱ ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ጊዜ ይፈጃል? መጽሐፉ ስለዚህ የሚለው ይኖር እንደሆነ።

ሹፌሩን ጋብዥው።

አጎትሽ ገዳሙ

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ፤

በደብዳቤዎ ውስጥ አንድም ቀልድ የለም። ድንች ረክሷል ብለው ጽፈውልኝ ድንቹን እንኳ አልተረቡትም።

ትናንት አለቃዬ ጠርቶኝ ነበር። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ካለ መጋዘን ሪፖርት ደርሶናል አለኝ፤ አንድ ጥበቃ ከሥልጠናው ውጪ ተኩሶ ሰው ጎድቷል። የጥበቃውን ስም ጠየቅኩት። «አያስፈልግሽም፤ እኛን አይመለከትም» አለኝ።

እውነቱን ይጻፉልኝ። ክፉ ከሆነም ከእርስዎ ልስማው። ወንድሜ የት ነው? የተጎዳው ሰውስ ማነው?

ምሥራቅ

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምሥራቅ፤

ይቅር በይኝ። ያን ደብዳቤ ስጽፍ ጥሩነሽ አጠገቤ ተቀምጣ «ንገራት» ትለኝ ነበር። ስለ ጥጃዋ የጻፍኩት እሷን ላለመስማት ነው።

ፈንታ ፖሊስ ጣቢያ ነው ያለው። አልተመታም፤ ይበላል፤ ምግቡን ጥሩነሽ ታመላልሳለች። የተጎዳው አያ አበባው ነው። ታስታውሺዋለሽ፤ ከወንዙ ማዶ፣ አባታችሁ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ። ሆስፒታል ተኝቷል። ነፍሱ አለች። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ሚስቱን እትዬ ወለተ ሐዋርያትን በእናቱ ስም ይጠራታል።

እኔ በቦታው አልነበርኩም። የምነግርሽ የነበሩት የነገሩኝን ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የተናገሩት።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ማዳበሪያ የጫነ መኪና ገባ ተብሎ ሰዉ ገና ከጠዋቱ መጋዘኑ በር ላይ ተሰበሰበ። ዝናብ ይዘንባል። የመጋዘኑ ኃላፊ «ዛሬ አይታደልም» ብሎ በሩን ዘግቶ ገባ። ውጪ የቀሩት ፈንታና አንድ ባልደረባው ናቸው። ድረስ ሁለት ጋቢ ደርቦ ነበር የመጣው። ሰዉን እየገፋ ከበሩ ደረሰ።

«ተመለስ» አለው ፈንታ።

«ካልተመለስኩስ? ትተኩሳለህ? አጎትህ ላይ ተኩሰህ እራት ደርሷል ወይ ብሎ ጠየቀ አሉ!»

ሰዉ ሳቀ። ፈንታ ሽጉጡን አወጣ። «ተመለስ፣ ድረስ።»

«ተኩስ እንጂ! እኔም ራት አልበላሁም!»

ተኮሰበት። መርፌዎቹ ጋቢው ላይ ቀሩ። ድረስ ሽቦውን እንዳንጠለጠለ ትከሻውን እየሰበቀ እስክስታ ወረደ። የዚያን ጊዜ ሳቅ ከገበያው ማዶ ይሰማ ነበር ይላሉ። ባልደረባው ክላሹን ከትከሻው አወረደ። ፈንታ ሌላ ጥይት አጎረሰ።

አያ አበባው ከሰዉ መካከል የወጣው ያን ጊዜ ነው። ነገሩ እንዳይከፋ ፈርቶ፣ ደግሞም የእሱ ማሳ ዳገት ላይ ስለሆነ የዘር ጊዜው ካለፈ አለፈ ነውና ሊለምን። እንደ ጥንት ሰው ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፤ ወገቡ ላይ አደገደገው። ኮት አልነበረውም። በዚያች በበሰበሰች ሸሚዝ ብቻ ጎንበስ ብሎ ቆመና «ልጄ ፈንታ፣ ተው፤ እኔ ልለምንህ፣ ለኃላፊው ንገርልን» አለው።

ፈንታ እሱ ላይ ተኮሰ።

እንደ ተቆረጠ ግንድ ነው የወደቀው አሉ፤ እጁን ሳይዘረጋ፣ ወደ ኋላ። በሩ ሥር የመኪና ጎማ እንዳይሰምጥ የተነጠፈ ድንጋይ አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ልጁ ጌቱ ከደምበጫ ሮጦ መጥቷል። በሐዘን ቤት እንዳለ ሰው ራሱን ተላጭቶ «አባቴ አክብሮ ቆሞ ሳለ የመታውን አልተወውም» ብሏል። ፈንታ ከጣቢያ ቢወጣ ምን እንደሚገጥመው ይገባሻል። ሰዉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ጥጋበኛውን ትቶ ትሑቱን መታ።

እኔ የምለው ደግሞ አለኝ። በዚያ በር የነበረው ሳቅ ከእኔ አፍ የወጣ ነው። ለድረስ ስንት ጋቢ እንደሚበቃ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጥሩነሽ ይህን አንድ ጊዜም አልተናገረችኝም፤ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ፖሊሶቹ የፈንታን ኪስ ሲፈትሹ የአንቺን መመሪያ አግኝተዋል። አንብበው ተያዩ። «ልብሱ ስስ የሆነው ይመረጣል» ይላል። ስለዚህ ነበር ማን ይፈርማል ብዬ የጠየቅኩሽ።

ገዳሙ

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ገዳሙ፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቢሮ ነበርኩ። ወደ ቤት እንዴት እንደመጣሁ አላውቅም።

ከዚህ ጋር የላክሁትን ሌላውን ወረቀት ለመርማሪው ይስጡልኝ። ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ መሆኔን፣ ጥበቃው መመሪያውን እንደተከተለ፣ ስሕተቱም የመመሪያው እንደሆነ ፈርሜበታለሁ። የሽማግሌ ጉባኤ ካለም ይነበብ። ጌቱ የሚጠላው ሰው ከፈለገ እኔን ይጥላ፤ ወንድሜ ያዘዝነውን ነው ያደረገው። እኔ ልጽፍ የፈለግኩት «ልብሱ ስስ የሆነው የሰውነቱ ክፍል ይመረጣል» ነበር። አሳጠርኩት። ሰዉን ምረጥ የሚል ሆኖ ወጣ። እኔ አላየሁትም፤ አለቃዬም አላየውም።

አለቃዬ ወረቀቱን ከላክሁ ሥራ እንደሌለኝ ነግሮኛል። «ጥበቃው በግሉ ያጠፋው ነው፤ ለምን ራስሽን ታስገቢያለሽ?» አለኝ። ወንድሜ ነው አልኩት። «እንግዲያው የባሰ ነው፤ ማን ያምንሻል?» አለኝ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ስለ ልብስ ያን ሁሉ ሲጽፉልኝ፣ ሰው ሲለምን ጋቢውን እንደሚያወርድ ለምን አልነገሩኝም ብዬ በእርስዎ ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ተናደድኩ ያልኩት በማን ነው? አባቴ ዳኛ ፊት ሲቀርብ፣ ቄስ ሲያገኝ፣ የትምህርት ቤቴን ዳይሬክተር ሊለምን ሲሄድ እንዲያ ሲያደርግ አብሬው ቆሜ አላየሁም? በአሥረኛ ክፍል ከትምህርት ቤት እንዳልባረር ሸሚዙ እየታየ ጎንበስ ብሎ ሲቆም አፍሬበት ፊቴን አዙሬ ነበር። እርስዎ ስለሚለበሰው ጻፉልኝ፤ እኔም ስለሚለበሰው ጠየቅኩ። ስለሚወልቀው ሁለታችንም አላሰብንም።

ፈንታን ሳሙልኝ። አይዞህ በሉት፤ ወረቀቱ ያወጣዋል።

ምሥራቅ

ደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለምሥራቅ፤

ወረቀትሽን ለመርማሪው ሰጠሁ። ፈንታ በዋስ ወጣ፤ ዋሱ እኔ ነኝ። ፍርድ ቤቱ ለክረምቱ ማብቂያ ቀጥሮታል። የሽማግሌው ጉባኤ ትናንት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተቀምጧል፤ የሆነውን እጽፍልሻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ምንም ላልደብቅሽ ወስኛለሁና።

ካህኑ መስቀል ይዘው መካከል ተቀመጡ። በአንድ በኩል እኔና ፈንታ፣ በሌላው በኩል ጌቱና እናቱ እትዬ ወለተ ሐዋርያት። አያ አበባው አሁንም ሆስፒታል ነው። የአንቺ ወረቀት ጮክ ተብሎ ተነበበ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አንዱ ሽማግሌ «እንግዲያስ ልጁ የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ ነገሩ ቀለለ» አሉ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። የፈንታን ጉልበት ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ፣ ዝም በል ለማለት።

ፈንታ ግን ተነሣ። እጄን ከጉልበቱ ላይ አነሣና ቆመ።

«እህቴ ልታድነኝ ነው የጻፈችው» አለ። «ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፤ ኪሴ ውስጥም ነበር። ያን ጊዜ ግን አላሰብኩትም። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። የሚወድቅ ሰው ፈለግኩ። አያ አበባው ሸሚዙን ብቻ ሆኖ ሲቆም፣ ይኼ ይወድቃል አልኩ። እየለመነኝ መሆኑን አውቃለሁ። ስሜን ሲጠራኝ ሰምቼዋለሁ።»

ምሥራቅ፣ ጎትቼ ላስቀምጠው ነበር። ሥራሽን የሸጥሽበትን ወረቀት በአንድ አፍታ ከንቱ አደረገው። ደግሞ ወንድሜን፣ አባታችሁን፣ ቆሞ ያየሁት መሰለኝ። ልቆጣው ወይ ልስመው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ጌቱ ብድግ አለ። እናቱ የኮቱን ጫፍ ይዛ «ተቀመጥ» አለችው። አልተቀመጠም። «አባትህ በሕይወት አለ። የአባትህን ደም አንተ አትወስንም፤ ተቀመጥ» አለችው። ተቀመጠ።

ካህኑ «እንግዲህ እትዬ ወለተ ሐዋርያት፣ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«ይኼ ልጅ እውነት ተናግሯል» አለች። «በቤቴ የሚነካው የለም፤ ጌቱም ይምላል። ይቅር ብያለሁ ግን አልልም። ባሌ በእናቱ ስም እየጠራኝ ይቅር ማለት አልችልም። ዳኛው የሚለውን ይበል።»

ጌቱ መስቀሉን መትቶ ማለ። ፈንታ አለቀሰ። ሰዉ መነሣት ጀመረ፤ እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ተነሣሁ።

እሷ ግን ወደ እኔ መጣች።

«ገዳሙ፣ አንተ ትጽፋለህ አሉ። ለልጅቷ ጻፍልኝ» አለችኝ።

«ምን ልበላት?»

«ሌላ መመሪያ ታዘጋጅ እንደሆን እንድትጠይቅልኝ ነው። ማሳችን አልተዘራም። ማዳበሪያ ሰኞ ይታደላል ተብሏል፤ አበባው ተኝቷል፤ ጌቱን እዚያ በር ላይ አልልክም፤ የምሄደው እኔ ነኝ። በሩ ላይ ሌላ ልጅ ቆሟል፤ ያው ቢጫው ነገር በወገቡ ነው፤ ያው ወረቀት በኪሱ። ተጠቅልዬ ብሄድ ድረስን ትመስያለሽ ብሎ ይፈራኛል። አውርጄ ብሄድ በባሌ የደረሰው ይደርስብኛል። ሰው ሊለምን ሲሄድ ምን ለብሶ ይሂድ? ይኼን ብቻ ትንገረኝ።»

እጽፍላታለሁ አልኳት። ይህን ደብዳቤ ሹፌሩ የሚወስደው ነገ ነው፤ የአንቺ መልስ ከሰኞ በፊት እንደማይደርስ አውቃለሁ። ሥራሽንም ለቀሻል፤ መመሪያውን ከእንግዲህ የሚጽፈው ማን እንደሆነ አላውቅም። ቃል ስለገባሁ ግን ጻፍኩልሽ።

ሰኞ አብሬያት እሄዳለሁ። ጠዋት ከደጇ ስደርስ ምን ልበሺ እንደምላት አላውቅም።

አጎትሽ ገዳሙ